የዶሮ ሁለቱ ዕውር አንጀቶች

ዶሮ ሲበለት መቋደሻው ተለይቶ ይቀመጥና አንጀቱ ይጣላል። እኔ ግን ሳልዘረጋው አልጥለውም። ቀጭኑ አንጀት ከወፍራሙ በሚገናኝበት ላይ፣ ግራና ቀኝ የተኙ፣ ጫፋቸው የተደፈነና በጠቆረ ቡናማ ዝቃጭ የተሞሉ ሁለት ረዣዥም ከረጢቶች አሉ፤ ዕውር አንጀት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ዶሮ ሴሉሎስንና መሰል የእጽዋት ካርቦሃይድሬቶችን የሚሰብር ኢንዛይም የላትም። ስታርቹን በቀጭኑ አንጀቷ ትፈጫለች፤ አሰሩ፣ ማለትም ሴሉሎሱና መሰሉ፣ ግን የባክቴሪያዎች ድርሻ ነው። በአንድ ግራም ዝቃጭ ውስጥ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩት እነዚህ ተሕዋስያን፣ ኦክስጅን በሌለበት አሰሩን እያብላሉ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ ፋቲ አሲዶችን ያመነጫሉ፤ እርሷም በአንጀቷ ግድግዳ በኩል መጥጣ ለጉልበት ትጠቀምባቸዋለች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የከረጢቶቹ በር ነው። ጥቃቅን እጥፋቶች ጥቅጥቅ ብለው ስለሚዘጉት ፈሳሽና የላመ ቅንጣት ብቻ ያሳልፋል፤ ሻካራው አሰር ወደ ኩስ ያልፋል። ስለዚህ የመኖ ወጪ ለመቀነስ ፉርሽካ የሚያበዛ አርቢ ከባክቴሪያዎቹ ብዙ መጠበቅ የለበትም። በሌላ በኩል፣ አንጀቱ ሽንቷን ወደ ኋላ እየገፋ ወደ ከረጢቶቹ ስለሚመልሰው፣ ባክቴሪያዎቹ በውስጡ ያለውን ነጭ ነገር፣ ዩሪክ አሲድን፣ ሰብረው ናይትሮጅኑን ይጠቀሙበታል።

ከረጢቶቹ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይራገፋሉ። ያን ጊዜ የሚወጣው ኩስ ነጭ የሌለበት፣ የቀለጠ ቸኮሌት የመሰለ፣ የሚያጣብቅና ሽታው የከፋ ነው። ብዙ ሰው ተቅማጥ መስሎት መድኃኒት ሊገዛ ይሮጣል፤ በሽታ ግን አይደለም።

በአሰር መኖር የሚሆንለት ሰጎን ነው። በአዋሽ ፓርክ የሚታየው ሰጎን ወፍራም አንጀቱ እጅግ ረዥም ስለሆነ፣ የበላው ሣርና ቅጠል ከአንድ ቀን በላይ እየተብላላ ይቆያል፤ ከጉልበቱም ብዙውን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ጫጩት ስትፈለፈል እነዚህ ባክቴሪያዎች የሏትም ማለት ይቻላል፤ ከእናቷ ኩስና ከምትጭረው አፈር ትወርሳቸዋለች። በማሽን የተፈለፈለችው ግን እናት የላትም። ፊንላንዳውያኑ ኑርሚና ራንታላ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከአዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ዝቃጭ የተሰጣቸው ጫጩቶች ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይበልጥ እንደሚቋቋሙ አሳዩ፤ ቦታውን ቀድሞ የያዘው ባክቴሪያ ለመጤው ስፍራ አይለቅም፣ የሚያመነጨው አሲድም ሳልሞኔላን ያዳክማል። ከማሽን የመጡ ጫጩቶችን ንጹሕ ወለል ላይ ብቻ ከማሳደግ ይልቅ፣ ጤናማ ዶሮዎች ከኖሩበት ቤት ጥቂት ጉዝጓዝ ማምጣትን የምመርጠው ለዚህ ነው።