በአክስቴ ጓሮ የቆጠርሁት ሱፍ

ባለፈው ኅዳር ሐይቅ ከተማ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። በጓሮዋ አጥር ሥር ከቆሙት ሱፎች (እሾሃሙን ያገራችንን ሱፍ ሳይሆን ባለ ትልቅ ቢጫ አበባውን የፈረንጅ ሱፍ ማለቴ ነው) አንዱ ደርቆ አንገቱን ደፍቶ ስላገኘሁት ቆረጥሁትና ፍሬዎቹ የተሰደሩባቸውን ጥምዝምዝ ረድፎች በእስክሪብቶ እያቀለምሁ መቁጠር ጀመርሁ። ወደ አንዱ አቅጣጫ የሚዞሩት 34፣ ወደ ሌላው የሚዞሩት 55 ሆኑ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ስጀምር ያየችኝ አክስቴ «ልትቆላው ነው ወይስ ልትቆጥረው?» አለችኝ።

34 እና 55፣ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር በሆነበት 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21 እያለ በሚሄደው ድርድር ውስጥ ተከታትለው የሚገኙ ናቸው። ድርድሩ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1202 የጥንቸሎችን መራባት ባሰላው በጣሊያን የፒዛ ከተማ ሰው በሊዮናርዶ፣ በፊቦናቺ ስም ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ግን የሕንድ ሊቃውንት አጭር ድምፅንና የእጥፍ ጊዜ የሚወስድ ረጅም ድምፅን በማፈራረቅ አንድን ስንኝ በስንት መንገድ መሙላት እንደሚቻል ሲቆጥሩ እዚሁ ላይ ደርሰው ነበር። የዋድላ ቅኔ ከሚነገርበት አገር ለተወለደ ሰው ከጥንቸሉ ይልቅ ይህኛው ይጥማል።

ሱፉ ቁጥር አያውቅም። በአበባው ራስ መካከል የሚበቅለው እያንዳንዱ አዲስ ቡቃያ ከቀደሙት ርቆ ሰፋ ያለ ቦታ ሲይዝ፣ በአንዱና በሚከተለው መካከል ያለው ማዕዘን 137.5 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ፍሬዎቹ በአራት ቀጥተኛ መስመር ተሰልፈው በመካከላቸው ባዶ ቦታ በቀረ ነበር። 137.5 ዲግሪ ግን ሙሉው ክብ (360 ዲግሪ) ለ1.618 ገደማ ተካፍሎ የሚገኘው ሲነሣለት የሚቀረው ነው፤ ይህ 1.618 ገደማ የሆነ ቁጥር በቀላል ክፍልፋይ ለመቅረብ ከሁሉም ይበልጥ አስቸጋሪ በመሆኑ ፍሬ በፍሬ ላይ አይሰለፍም፤ በተቻለ መጠን የሚቀርቡት ክፍልፋዮችም ከዚያው ድርድር ቁጥሮች የተሠሩ ስለሆኑ ዓይናችን የሚያያቸው ረድፎች 34 እና 55 ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዱአዲ እና ኩዴር የተባሉ ፈረንሳውያን የፊዚክስ ሊቃውንት እርስ በርስ የሚገፋፉ የማግኔት ፈሳሽ ጠብታዎችን አንድ በአንድ ዘይት ላይ ሲያንጠባጥቡ፣ ሕይወት በሌለበት ያው ማዕዘን ወጥቶላቸዋል።

በአንጻሩ አክስቴ ደጅ ያለው ዳማከሴ ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በ90 ዲግሪ ያፈራርቃል፤ የጎመን ዘር አበባም ባለ 4 ቅጠል ነው፣ 4 ደግሞ ከድርድሩ ውስጥ የለም። አምባሰልና ባቲ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ስለሆኑ የፊቦናቺ ምስጢር አለባቸው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ፤ ቦታ የሚሻማ ቡቃያ በሌለበት ግን አምስት አምስት ብቻ ነው።

ማታ አክስቴ ፍሬውን ቆላችው፤ ቀለም የነካቸውን ግን ለቅማ በሲኒ ማስቀመጫ አድርጋ «ያንተ እነዚህ ናቸው» ብላ ፊቴ አኖረቻቸው።