የዲኤንኤ ጥገናን በጅራት መለካት፦ የሠራሁበት መንገድና ያረምኳቸው ስህተቶች

በኮሜት ምርመራ ሴሉ በስስ አጋሮዝ (ጄሊ መሰል ነገር) ውስጥ ይቀበራል፤ ሽፋኑና ፕሮቲኑ በጨውና በሳሙና ይሟሟል፤ የቀረው ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ ይጎተታል። ያልተበጠሰው እንደተጠቀለለ ባለበት ይቀራል፣ የተበጠሰው ግን ላልቶ ወደ አኖዱ (ፖዘቲቭ ጫፉ) ይሳባል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ይመስላል። የምለካው በጅራቱ ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ መቶኛ ነው። ጅራቱን ማግኘት ቀላል ነው፤ ከባዱ ማንበቡ ነው። የጥገና ኢንዛይሞች ሥራቸውን ሲሠሩ ራሳቸው ዲኤንኤውን ይቆርጣሉና፣ ረጅም ጅራት ሁሉ የከፋ ጉዳት ማለት አይደለም።

የተጠቀምኩት ዲኤንኤው በጠንካራ አልካላይ ፈሳሽ የሚነከርበትን የአልካላይ ዘዴ ነው። ስላይዶቹን በ1 በመቶ ተራ አጋሮዝ ቀብቼ አደረቅኳቸው። ለእያንዳንዱ ጄል 20,000 ያህል ሴሎችን፣ በአነስተኛ ሙቀት በሚቀልጥና በ37 ዲግሪ በቆየ 70 ማይክሮሊትር 1 በመቶ አጋሮዝ ቀላቀልኩ። አጋሮዙ ከዚህ በላይ ከሞቀ ሴሉን ይጎዳል፤ ምንም ያልነካኋቸው የማነጻጸሪያ ሴሎች ጅራት ሲያወጡ መጀመሪያ የምፈትሸው ይህንን ነው፤ ቀጥሎ ሴሎቹ በትሪፕሲን (ከማሳደጊያው ሳህን በሚያላቅቃቸው ኢንዛይም) የቆዩበትን ጊዜ። ማሟሟያው 2.5 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 100 ሚሊሞላር ኢዲቲኤና 10 ሚሊሞላር ትሪስ ያለው፣ ፒኤቹ 10 የሆነ ነው። 1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 የተባለውን ሳሙና የምጨምረው በሥራው ዕለት ነው። በ4 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ከቆየ በኋላ ስላይዶቹን 300 ሚሊሞላር ሶዲየም ሀይድሮክሳይድና 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ለ40 ደቂቃ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በ25 ቮልት ለ30 ደቂቃ ኤሌክትሪክ ለቀቅኩ። አምፔሩ ከ300 ሚሊአምፔር ካለፈ ፈሳሹ በስላይዶቹ ላይ በዝቷል ማለት ነው፤ ጥቂት ቀድቼ አወጣለሁ። ፈሳሹ ሲሞቅ ጅራቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ ገንዳው ሁልጊዜ በቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ስላይዶቹንም በቡድን ሳይሆን አደባልቄ እደረድራለሁ፤ የገንዳው ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡምና።

ጥገናውን ለማየት ሴሎቹን በበረዶ ላይ ለ5 ደቂቃ በ100 ማይክሮሞላር ሀይድሮጂን ፔሮክሳይድ ነካሁ፤ አጥቤ በሞቀ ማሳደጊያ ፈሳሽ ወደ 37 ዲግሪ መለስኳቸውና በ0፣ 5፣ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ ናሙና ወሰድኩ። በረዶው የግድ ነው፤ ሴሉ ከሞቀ ጉዳቱ እየደረሰ ሳለ ጥገናው ይጀምርና የ0 ደቂቃው ልኬት ከእውነቱ ያንሳል። ፔሮክሳይዱን በማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ መጨመርም ስህተት ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፓይሩቬት ያጠፋዋል። በፒቢኤስ (ፎስፌት ባለው የጨው ፈሳሽ) ውስጥ፣ በዕለቱ በጥብጬ፣ መጠኑን በ240 ናኖሜትር ለክቼ ነው የምጠቀመው። የአንድ ክር ስብራቶች በፍጥነት ይገጠማሉ፤ ፓርፕ1 የተባለው ፕሮቲን ስብራቱን ያገኛል፣ ኤክስአርሲሲ1 የቀሩትን የጥገና ፕሮቲኖች ይጠራል፣ ሊጌዝ 3 ይቋጨዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ካመለጡ ፈጣኑና ዘገምተኛው ሴል ተመሳሳይ መስለው ይታያሉ።

ጅራት የሌለበት ጉዳት ግን ይበልጥ ያታልላል። ፖታሲየም ብሮሜት በብዛት የሚፈጥረው ስብራት ሳይሆን የተበላሸ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ነው፤ ጓኒን ወደ 8-ኦክሶጓኒን ይለወጣል። በተራው ምርመራ ሴሉ ንጹህ ይመስላል። ይህ ቤዝ ሳይጠገን ዲኤንኤው ከተባዛ ከሳይቶሲን ይልቅ ከአዴኒን ጋር ሊጣመር ይችላል፤ ያኔ በሚቀጥለው ብዜት የጓኒኑን (የጂን) ቦታ ታይሚን (ቲ) ይይዛል። በሰው ሴል 8-ኦክሶጓኒኑን ኦጂጂ1 የተባለው ኢንዛይም ያወጣዋል፤ ያለቦታው የገባውን አዴኒን ደግሞ ሙቲዋይኤች ያነሳል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ የሙቲዋይኤች ጂን የወረሰ ሰው ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ፖሊፕ (ትንንሽ እባጭ) ይበዛበታል፣ ለካንሰርም በእጅጉ ይጋለጣል። አንዲት ቤዝ ማንሳት የተሳነው ኢንዛይም እዚህ ድረስ ያደርሳል።

የተደበቀውን ቤዝ ወደ ስብራት የሚለውጥልኝ ኤፍፒጂ የተባለው የባክቴሪያ ኢንዛይም ነው። ከማሟሟያው በኋላ ስላይዶቹን በኢንዛይሙ በፈር (ኢንዛይሙ በሚሠራበት ፈሳሽ) 3 ጊዜ ለ5 ደቂቃ አጠብኩ፤ የቀረ ጨው ኢንዛይሙን ያሽመደምዳል። በእያንዳንዱ ጄል ላይ 50 ማይክሮሊትር ጨምሬ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆየሁ። ጎን ለጎን በፈር ብቻ የተጨመረበት ጄል መኖር አለበት፤ የኤፍፒጂው ውጤት የሁለቱ ልዩነት ነው። የኢንዛይሙን መጠን ከሻጩ ወረቀት ላይ አልቀዳም። ብሮሜት በነካቸውና ባልነካቸው ሴሎች ላይ ደረጃ በደረጃ እየጨመርኩ፣ በተጎዱት ላይ ጅራቱ መጨመሩን የሚያቆምበትን መጠን እይዛለሁ። ከዚያ ከታለፈ ኢንዛይሙ ጤነኛውንም ዲኤንኤ መቆራረጥ ይጀምራል። ኢንዛይሙን በትንንሽ ከፍሎ ማቀዝቀዝ፣ የቀለጠውንም መልሶ አለማቀዝቀዝ ይገባል።

አልትራቫዮሌት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የ254 ናኖሜትር ጨረር የሚያጣብቀው ጎን ለጎን ያሉ ፒሪሚዲኖችን (ሳይቶሲንና ታይሚንን) ነው፤ በቀጥታ የሚሰብረው ጥቂት ነው። ከጨረሩ በኋላ የሚታየው ጅራት በአመዛኙ የተበላሸውን ቁራጭ ለማውጣት ከግራና ከቀኝ የሚቆርጡት ሁለት ኢንዛይሞች፣ የኤክስፒኤፍና የኤክስፒጂ፣ ሥራ ነው። ክፍተቱ ቶሎ ስለሚሞላ ለማየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሀይድሮክሲዩሪያና ሳይቶሲን አራቢኖሳይድ የተባሉ መድኃኒቶችን ጨምሬ መሙላቱን አገድኩ። መድኃኒቶቹን ብቻ የወሰዱ፣ ጨረር ያልነካቸው ሴሎች ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋሉ፤ ዲኤንኤውን በማባዛት ላይ ያለ ሴል በመድኃኒቶቹ ብቻ ጅራት ያወጣልና። እዚህ ረጅም ጅራት የጤና ምልክት ነው። ኤክስፒኤ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሴሎች መቁረጥ ስለማይችሉ ጅራታቸው አጭር ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከጉዳት የዳኑ ይላቸዋል። የዚህ ጥገና ጉድለት ያለባቸው የዜሮደርማ ፒግመንቶዘም (ቆዳን ለፀሐይ ጨረር የሚያጋልጥ የዘር በሽታ) ሕመምተኞች ግን ከ20 ዓመት በታች ሳሉ ሜላኖማ ላልሆነው የቆዳ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው በ10,000 እጥፍ ይበልጣል።

የአልካላይ ዘዴው የአንዱን ክር ስብራት ከሁለቱ ክሮች ስብራት አይለይም። ጥያቄው የሁለቱን ክሮች ስብራት ለመጠገን ስለሚያገለግሉት ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 ጂኖች ከሆነ፣ በኒውክሊየሱ ውስጥ የሚሰበሰቡትን የራድ51 (የዚሁ ጥገና ፕሮቲን) ነጠብጣቦች መቁጠር ይሻላል።

ስላይዶቹን የማነበው ምልክታቸው ከተሸፈነ በኋላ ነው፤ ከሁለት ጄል ከእያንዳንዱ 50፣ በድምሩ 100 ሴሎች። ጠርዝና አረፋ አጠገብ ያሉትን እተዋለሁ። ጭንቅላታቸው ጠፍቶ ሁሉም ጅራት የሆኑትን ግን ሞተዋል ብዬ አልጥላቸውም፤ ከፔሮክሳይድ በኋላ ከታዩት ብዙዎቹ በ1 ሰዓት ውስጥ ተጠግነው ይመለሳሉ። ከእያንዳንዱ ናሙና ሚዲያኑን (ልኬቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) እወስዳለሁ፤ በስታቲስቲክሱ የምቆጥረውም በተለያየ ቀን የተደገመውን ሙከራ እንጂ ሴሎቹን አይደለም። 3 ሙከራ ሠርቶ 300 ናሙና እንዳለ ማስላት የሌለ ልዩነት ይፈጥራል።