ጃምቢያኒ ላይ ኪሴ ልትገባ የነበረችው ዛጎል

ዛንዚባር አምስት ቀን ነበርኩ፣ አሮጌውን ከተማ ስቶን ታውንን ሁሉም ሰው ስለሚያወራው እኔ ልዝለለው። የኔ ወሬ በምስራቅ በኩል ያለችው ጃምቢያኒ ናት። ጠዋት ተነስቼ ሳይ ባህሩ የለም! ውሃው ርቆ ሄዶ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በገመድ ያሰሩትን የባህር አረም ይለቅማሉ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ ለካ እሱም ራሱ ሞኝነት ነው።

አንድ ኩሬ ውስጥ ግማሽ ጎኗ አሸዋ የለበሰ ዛጎል አየሁ፣ ጣቴን የምታክል፣ ቡናማ መደብ ላይ ነጫጭ ሶስት ማዕዘን፣ ጎበዝ ሸማኔ የሰራት ነው የምትመስለው። እኛ ባህር የሌለን ሰዎች ዛጎል የምናውቀው አንገት ላይ ወይ ሞሰብ ላይ ተሰፍቶ ስለሆነ ውስጡ ባለቤት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለእማዬ ልወስድላት እጄን ስሰድ አብሮኝ የነበረው ጋይድ «አቻ! አቻ!» ብሎ ክንዴን ለቀም አደረገኝ። ተወው ማለቱ ነው፣ ትወጋለች።

በእንጨት ገለበጣት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ከጠባቡ ጫፍ ጫፏ ቀላ ያለች ቱቦ ብቅ አለች፣ የምታሸትበት ነው አለኝ። «በሰፊው በኩል ብይዛትስ?» ስለው ሳቀብኝ፣ መውጊያዋ ተዘርግቶ ዞሮ ይደርሳል፣ የሚያዝ ቦታ የላትም።

ማታ በሆቴሉ ዋይፋይ ሳነብ አመሸሁ። ስሟ ኮነስ ቴክስታይል ነው፣ መርዛማ የባህር ቀንድ አውጣ ናት፣ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን ነው የምትበላው። ጥርሷ ውስጡ ክፍት ሆኖ እንደ ጦር ተወርውሮ መርዝ ይወጋል። ዘመዷ ኮነስ ጂኦግራፈስ ደግሞ አሳ አዳኝ ናት፣ መርዟ ውስጥ ኢንሱሊን እንዳለ በፈረንጆቹ 2015 ታውቋል፣ አሳው የደም ስኳሩ ወርዶ ሲደነዝዝ ትውጠዋለች (ቀንድ አውጣ እኮ ነው የማወራው)። በፈረንጆቹ 1935 አውስትራሊያ ሃይማን ደሴት ላይ አንድ ወጣት ገድላለች። ማርከሻ መድሃኒት የለውም፣ ሆስፒታል የሚያደርጉት መርዙ እስኪለቅ ትንፋሽ ማገዝ ነው። የገረመኝ ግን ከሌላዋ ዘመዳቸው ከኮነስ ማገስ መርዝ ተነስተው ዚኮኖታይድ የሚባል የህመም ማስታገሻ ሰርተው አሜሪካ በፈረንጆቹ 2004 መፍቀዷ፣ በአከርካሪ በኩል ነው የሚሰጠው፣ ሞርፊን እንኳን ላልያዘለት ህመም።

በመጨረሻው ቀን አንዱ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ያቺኑ የመሰለች አገኘሁ፣ ታጥባ ተወልውላ። ሻጩ «ባዶ ናት፣ ያዛት» ይለኛል፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ከሩቅ ውስጧን አያለሁ። ለእማዬ ቅርንፉድ ገዛሁላት።