«የዕቃው ይቀነስ»፦ ጋዝን እንደ ማር በኪሎ መግዛት የጀመርኩበት

ጅማ መርካቶ ማር ስገዛ ሁልጊዜ የምላት ነገር አለች፤ «የዕቃው ይቀነስ!» ሻጯም አትቆጣም። መጀመሪያ ባዶውን ባልዲ፣ ቀጥሎ ከነማሩ ትመዝናለች፤ የልዩነቱን እከፍላለሁ። ከእናቴ የወረስኩት ነው። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ግን ለስድስት ዓመት በዓይን ብቻ ነው የገዛሁት። ባዶውን አስረክቤ፣ ሙሉ ነው የተባልኩትን ተቀብዬ፣ በባጃጅ ጭኜ ወደ ቤቴ ወደ ጊንጆ።

ያነቃኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ነው። እኛ ቤት 12.5 ኪሎ ጋዝ አምስት ሳምንት ይበቃናል፤ መብራት መጥፋት ከበዛ ደግሞ አራት ተኩል። ያን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ያፈሳል ብዬ የኦሞ አረፋ ሠርቼ ጎማውንና መጋጠሚያዎቹን በሙሉ ቀባሁ። የሚያፈስ ቢሆን አረፋው ፊኛ እየሠራ ይነፋ ነበር። ምንም የለም።

ጎረቤታችን ሐጂ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት መዘነ?» ብለው ነው።

«ኧረ አልመዘንኩትም።»

«ልጄ፣ ጀንፈል ቡና ቢሆን ሳትመዝኚ ትረከቢያለሽ? ጆንያውንስ ሳትቀንሺ?»

የሲሊንደሩ ጆንያ ብረቱ ነው ማለት ነው። ቤት ገብቼ ባዶውን ሲሊንደር አገላብጬ አየሁት። እጀታው ያለበት ብረት ላይ ቁጥሮች ተመትተዋል። ቀለም ተደራርቦባቸው ስለነበር በጨርቅና በጥፍሬ ጠረግሁት። «ቲ ደብሊው» ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት አጠገብ 13.4 ይላል። የባዶው ክብደት እሱ ነው። አንዳንዱ ላይ «ታሬ» ተብሎ ይጻፋል። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ሲሊንደሮች እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መውሰድ አይሆንም። ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው፦ 13.4 ሲደመር 12.5፣ 25.9 ኪሎ።

ከሐጂ የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሼ ወደ ጋዝ ሱቁ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ እኔና የባጃጁ ልጅ አጣና ትከሻችን ላይ አድርገን ሙሉ የተባለውን ሲሊንደር አንጠለጠልነው። የዚህኛው ባዶ ክብደትም እንደ አጋጣሚ 13.4 ነበር። ሚዛኑ እየተወዛወዘ ቆይቶ 23.6 ላይ ቆመ። 2.3 ኪሎ ጎድሏል። ከከፈልኩበት ጋዝ አምስተኛው ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ባለሱቁ ደነገጠ። «እህቴ፣ ማኅተሙን እዪው፣ እኔ አልነካሁትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአፉ ማሸጊያ አልተነካም። ሞልተው ሲልኩት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ እስከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲንገጫገጭ በቫልቩ አፍስሶም ይሆናል። ሰውየውን ሌባ ብዬ ብጮህበት ኖሮ ትክክል አልነበርኩም። «ሌላ እንመዝን» አልኩት። ሁለተኛው ትንሽ ጎደለ። ሦስተኛው ላይ መቶ ግራም ብቻ ሲጎድል ወሰድኩት፤ እንዲህ ያለ ሚዛን መቶ ግራም ቢስት አያጣላም። የሚንጠለጠል ሚዛን ያላገኘ ሰው የሰው መመዘኛ ላይ ሲሊንደሩን አቅፎ ቆሞ የራሱን ኪሎ መቀነስ ይችላል። ጉልበት ግን ይፈልጋል።

ባዶ ክብደቱ የማይነበብ ሲሊንደር ከዚያ ወዲህ አልቀበልም፤ የሚቀነሰው ሳይታወቅ ሚዛኑ ምን ይሠራል? ነቅንቆ ድምፁን መስማትም ትቻለሁ። ግፊት በሚያሳይ፣ ሰዓት በሚመስል መለኪያም አልታለልም። ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ ግማሽም ሆነ ሩብ ቢቀረው ያው ነው። ቤት ውስጥ ስንት እንደቀረ ለማወቅ የማደርገው ሌላ ነው። ለብ ያለ ውሃ በጎኑ አፈስሳለሁ፣ ከዚያ በመዳፌ ከላይ ወደ ታች እዳብሰዋለሁ። ከላይ ሞቅ ይላል። ታች ስደርስ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይቀዘቅዛል። ፈሳሹ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው።

ያናደደኝ ሌላው ነገር የራሴው ጥፋት ነበር። ነበልባሉ ሲደክም «አለቀ» ብዬ እወስደው ነበር። አንድ ቀን ባዶ ያልኩትን ስመዝነው 14.2 ሆነ። ባዶው 13.4 ነበር። 800 ግራም ጋዝ፣ ገንዘብ የከፈልኩበት፣ በነፃ ልመልስ! ሲሊንደር ስንቀይር ውስጥ የቀረውን ማንም አያስብልንም። ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ጋዙ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን ቀድሞ ይተናል፤ መጨረሻ ላይ የሚበዛው ቡቴን ነው፤ እሱ ደግሞ ሲበርደው ለመትነን ይሰንፋል። ሐምሌ ላይ በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ሲሊንደር ምን ያህል እንደሚበርደው አስቡት። አሁን ሥሩ ጣውላ አድርጌለታለሁ። ሲደክም ወጥ መሥራቱን ትቼ ሻይና ቡና በትንሽ እሳት አፈላበታለሁ፤ ያ የቀረው ጋዝ ብዙ ቀን ያገለግላል።

እባካችሁ ግን ጨርሶ እንዲወጣ ብላችሁ አታጋድሙት፣ እሳት አጠገብም አታስጠጉት። ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ወደ ጎማው ይገባል፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲቀየር ደግሞ 250 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሽታው ታስቦበት የተጨመረ ነው። ሸተተኝ ስትሉ መብራት ሳትነኩ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ። ሻጩንም «ጢም አድርገህ ሙላልኝ» አትበሉት፤ በሙቀት የሚሰፋበት ቦታ ስለሚያስፈልገው በደንብ የተሞላ ሲሊንደር ውስጡ 80 ወይም 85 በመቶ ብቻ ነው የሚያዘው።

ዋጋ ሳወዳድርም በኪሎ ነው። የ6 ኪሎዋ ትንሽ ሲሊንደር ረከሰች ሲሉኝ ዋጋዋን ለ6 አካፍላለሁ፣ የባጃጁንም እጨምራለሁ፤ በእሷ ሁለቴ መመላለስ አለና። እስካሁን ትልቁ ነው የሚያዋጣኝ። አንዴ በርካሽ የሌላ ድርጅት ሲሊንደር ልቀይር ብዬ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው የጋዝ መቆጣጠሪያ) አልገጥም ብሎ ተመልሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ሚዛን ገዝቻለሁ። ከማዕድ ቤቱ በር ጀርባ ደብተር ተሰቅሏል። ቀኑን፣ የባዶውን፣ የሙሉውን እጽፋለሁ፤ ያለቀበትንም ቀን። የመጨረሻው መስመር 13.1 እና 25.6 ይላል። ያን ቀን ሚዛኑን ያነበበው ባለሱቁ ራሱ ነው።