ባለቤት የሚለው ቃል

ዛሬ ጠዋት ቅጽ ስሞላ «የባለቤት ስም» ከሚለው መስመር ስደርስ እጄ ቆመ። እርሱ ከሞተ ወዲህ ያንን ቦታ በአንድ ጭረት ማለፍ ለምጄ ነበር፤ ዛሬ ያቆመኝ ግን ኀዘኑ ሳይሆን ቃሉ ነው። ባለቤት፣ ባለሱቅ፣ ባለጉዳይ፣ ባለዕዳ፣ ባል። ቀኑን ሙሉ ከአፋችን የማይጠፋው ይህ ቃል ነቢያት አጥብቀው ከተዋጉት ከከነዓናውያን አምላክ ከበኣል ስም ጋር አንድ ሥር እንዳለው ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ቀርቦኝ ግን አያውቅም።

በኣል መጀመሪያ የማንም የግል ስም አልነበረም፤ ጌታ፣ ባለንብረት፣ ባል ማለት ነበር። የዝናብና የነጎድጓድ አምላክ የሆነው ሐዳድ በዚህ መጠሪያ ሲጠራ ኖሮ ማዕረጉ ስሙ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1928 በሶርያ የባሕር ዳርቻ አንድ ገበሬ ሲያርስ ከጥንት መቃብር ጋር ተገናኘ፤ በዓመቱ የተጀመረው ቁፋሮም ኡጋሪት የተባለችውን ከተማ ከነሸክላ ጽላቶቿ አወጣት። በጽላቶቹ ላይ በኣል በደመና ይጋልባል፤ ባሕርን ድል ይነሣል፤ በኋላ ግን ስሙ እንደ እኛው «ሞት» በሆነው ጠላቱ ይዋጣል፤ እስኪመለስም ድረስ ምድር ትደርቃለች።

እስራኤላውያን ወደዚህ አምላክ ያዘነበሉት በክፋት ብቻ ነው ብዬ ማመን አልችልም። ኦሪት ዘዳግም እንደሚለው ያች ምድር እንደ ግብፅ በእግር የምትጠጣ ሳትሆን ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ ናት። ሰማዩ ከተዘጋ ልጅ ይራባል። በዚያ አገር በዝናብ ብቻ የሚበቅል እርሻ በዐረብኛ ዛሬም «በዕል» ይባላል፤ አምላኩ ከተረሳ በኋላ ስሙ በማሳው ላይ ቀርቷል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በ450ዎቹ የበኣል ነቢያት ፊት ሲቆም አገሩ በድርቅ ተመትቶ እንደነበር ሳስብ፣ የዚያ ቀን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ «የዝናቡ ባለቤት ማን ነው?» የሚል እንደነበር ይሰማኛል።

ልቤን የሚነካው ግን የስሞቹ ነገር ነው። ሳኦል አንዱን ልጁን ዮናታን፣ «ያህዌ (የእስራኤል አምላክ) ሰጠ» ሲል፣ ሌላውን በዕብራይስጡ ኤሽበኣል፣ «የበኣል ሰው» ብሎ ሰየመው። ከዳዊት ጭፍሮች አንዱ በዓልያ ይባል ነበር፤ «ያህ (ያህዌ) በኣል፣ ጌታ ነው» ማለት ነው፤ ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ስም ውስጥ ተቃቅፈው ይኖሩ ነበር። ምናልባት ሳኦል ጣዖት መጥራቱ አልነበረም፤ የአባቶቹን አምላክ ራሱን «ባለቤቴ» ማለቱ ይሆናል። በኋላ የመጡ ጸሐፍት ግን ያን ቃል መጻፍ ስለቀፈፋቸው «በኣል» በነበረበት ቦታ «ቦሼት»፣ ማለትም ኀፍረት የሚለውን አስገቡ፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ልጁ ኢያቡስቴ የሆነው በዚህ ነው። የመጽሐፈ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ባያስቀርልን ኖሮ የፊተኛውን ስም ከየት እናገኘው ነበር? በእስራኤል ኪርቤት ቀይያፋ ከተባለ የጥንት ፍርስራሽ ስፍራ የወጣና እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የታወቀ፣ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ያስቆጠረ እንስራ ላይ ደግሞ ኤሽበኣል የሚባል የሌላ ሰው ስም ተገኝቷል። ፊደሉ የተጫረው እንስራው እሳት ሳይገባ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ነው። ያን የጫረው እጅ በስሙ ያፈረ አይመስለኝም።

ሆሴዕ መጣና እስራኤልን እንደ ሚስት አድርጎ ተናገረ። እህሉን፣ ወይኑንና ዘይቱን የሰጣት እግዚአብሔር መሆኑን ሳታውቅ ከበኣል ያገኘችው መስሏት ነበር። በዚያን ቀን ግን «ኢሺ» ትለኛለች እንጂ ከእንግዲህ «በኣሊ» አትለኝም ይላል እግዚአብሔር። ሁለቱም በዕብራይስጥ ባልን መጥሪያ ናቸው፤ «ኢሺ» ግን ቃል በቃል «የኔ ሰው» ነው፤ «በኣሊ» ደግሞ የእኛው «ባሌ» ነው። ነቢዩ ከሚስቲቱ አፍ ሊያወጣው የፈለገው ቃል በእኛ ቋንቋ የማዕረግም የፍቅርም ቃል ሆኖ ኖረ።

እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሰው ፊት «ባለቤቴ» ትላለች፤ ማታ ጓዳ ውስጥ፣ እኛ የተኛን ሲመስላት፣ «የኔ ሰው» ስትለው እሰማ ነበር። እኔ ግን ከባሌ ጋር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ እርሱን በየትኛው ስጠራው ኖርሁ?