የለገደንቢ ፈቃድና የ2010 ዓ.ም. ሽግግር

የመንግሥት ለውጥ የማዕድን ባለሀብትን ያሸሻል ሲባል በአገራችን ብዙ ጊዜ ለማስረጃነት የሚጠቀሰው በጉጂ ዞን፣ በሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማምረቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ መንግሥት የሚድሮክን የማምረት ፈቃድ አገደ፤ ሥራው የቀጠለውም በ2013 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ሲታይ ሽግግሩ ያመጣው መናጋት ይመስላል። እኔ ግን ፈቃዱ የተናጋው ቀደም ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚድሮክ ማምረቻውን ከመንግሥት በ172 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ለ20 ዓመት ወርቅ አምርቶበታል። ነዋሪዎች ስለ ጽንስ መጨናገፍ፣ የአካል ጉዳት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናትና ውኃ ጠጥተው ስለሚሞቱ ከብቶች ሲያመለክቱ ኖረዋል፤ ኩባንያው በበኩሉ ጉዳት ማድረሱን አልተቀበለም። ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በወቅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና አልተነሣም ነበር፤ ያን ያህል አደጋ ተጋፍጦ የወጣ ሰው ቅሬታው የአንድ ሰሞን እንዳልነበረ ለመረዳት አያዳግትም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ ሳይሟላ የሚፈረም እድሳት የፈረመው ባለሥልጣን ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆም ነው፤ በሽግግር ወቅት የሚጋለጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ ከአዲስ አበባ የሚያገኘውን ፊርማ ብቻ ዋስትና አድርጎ መያዙ ለራሱም ለገንዘቡም አይበጀውም።

የሚያሳዝነኝ፣ በእገዳው ዘመን የተካሄዱት የጤናና የአካባቢ ጥናቶች ሙሉ ውጤት ለነዋሪው በይፋ ሳይቀርብ ሥራው መቀጠሉ ነው። የታደሰው የ10 ዓመት ጊዜም እየተገባደደ ስለሆነ፣ ሚኒስቴሩ ቀጣዩን ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ጥናቶቹን በአፋን ኦሮሞ አስተርጉሞ ለሻኪሶ ሕዝብ ሊያቀርብና ውይይቱንም እዚያው ሊያካሂድ ይገባል።