ባለቤቴ፣ የባቡር ጣቢያው ባለሱቅ

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። በለቅሶው ሰሞን ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከልባቸው አዝነው «ምስኪን፣ በሰው አገር ቀረ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐዘንተኛ የሚባለውን ሁሉ «አሚን» እያለ ስለሚቀበል ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁም። አሁን ልቤ ትንሽ ሲረጋ ግን፣ ይህ ሰው ከየት መጥቶ እንዴት እንደኖረ ልጆቼም የልጅ ልጆቼም እንዲያውቁት በራሴ ቃል ልጽፈው ወደድኩ። በሰው አገር የቀረ ሰው አልነበረም። እንዲህ ስል የተወለደበትን አገር ረስቶ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ከታች የምጽፈው ያስረዳል።

የተወለደው በየመን፣ በታዒዝ አካባቢ ባለ ተራራማ መንደር ነው። አባቱ በእርከን በተሠራ ማሳ ላይ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። ዝናብ ሲጠፋና ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት ኢማም ግብር ሲጠና ከየቤቱ አንድ ወንድ ልጅ እንጀራ ፍለጋ ወደ ባሕር መውረዱ የተለመደ ስለነበር፣ ከእነሱ ቤት ተራው የደረሰው ገና ጢም ላላበቀለው ለእሱ ሆነ። በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው ዔደን በእግሩ ወረደ፤ ከዔደን በሸራ ጀልባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ገባ። ድሬዳዋ ሱቅ የነበረው አጎቱ ያለ ደመወዝ ለዓመታት እንዳሠራው ሲናገር ሁልጊዜ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን የሚያስቀው ነገር አንድ ቀንም ታይቶኝ አያውቅም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የለመደው ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ነው።

ያኔ ናዝሬት ወደምትባለው አዳማ የመጣው የቆቃ ግድብ በተመረቀበት በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ነበር። ከተማችን ለነጋዴ የምትመች ነበረች። የጅቡቲው ባቡር ያልፍባት ነበር፤ በቅርብ ርቀት ወንጂ ላይ ደግሞ ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት የስኳር ፋብሪካ ነበረ፤ ሠራተኛው ደመወዝ ሲቀበል ለገበያ የሚወጣው ወደዚህ ነበር። እሱም ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻይ ቅጠልና ተምር መሸጥ ጀመረ።

አባቴ የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ስኳር ሲያመርቱ የሚውሉ ሰው ለቤታቸው የሚሆነውን ስኳር ከአረብ ሱቅ በዱቤ መግዛታቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። የምላከው እኔ ስለነበርኩ እጆቹን ከፊቱ ቀድሜ አወቅኋቸው። ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ቁራጭ ይቀድና በአውራ ጣቱ ዙሪያ አሽከርክሮ፣ ጫፉን በጥፍሩ አጥፎ እንደ ቀንድ ያሾለዋል። ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እያፈሰሰ ምላሱ መሃል ላይ ሲቆም ያይና፣ ከዚያ በኋላ ሳያነሳው ጥቂት ይጨምርበታል። «መርቅልኝ» የሚለውን ደንበኛ አይወድም ነበር። ሳይጠየቅ የሚመርቀውን ሰው ሲጠይቁት የተሰደበ ይመስለው ነበርና።

በ1961 ዓ.ም. ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቀኝ እናቴ «ነገ ጀልባ ላይ ጭኖ ይወስዳታል» ብለው አለቀሱ። አባቴ ግን ሰውየውን በዱቤው ስለሚያውቁት እምቢ አላሉም፤ ነገር ግን ኒካሑ በሚታሰርበት ጊዜ፣ እኔ ሳልፈቅድ ባሕር አሻግሮ እንዳይወስደኝ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገቡበት፤ እሱም በምስክሮች ፊት ቃሉን ሰጠ። ይህን ነገር የማነሳው ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ዜግነቱን አልለወጠም፤ የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው እያሳደሰ ኖረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያኔ የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆን ይፈቅድ ስላልነበር ቤታችን የተሠራው አባቴ በሰጡኝ ቦታ ላይ፣ በእኔ ስም ነው። ሲሚንቶውንም ቆርቆሮውንም የገዛው ግን እሱ ነው። ጎረቤት በዚህ ሲቀልድበት «እኔ የሚስቴ ተከራይ ነኝ፤ ኪራዩም ውድ ነው» እያለ አብሮ ይስቅ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የምንኖርበት ቤት አንድ ብቻ ስለነበር ተረፈልን። የሱቁ ሕንፃ ግን ከባለቤቱ ስለተወሰደ፣ ኪራያችን ከመቶ ብር በታች በመሆኑ ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ ስኳርና ሳሙናው በቀበሌ ሱቅ በኩል በራሽን መከፋፈል ጀመረና ሱቃችን የሚሸጥ ዕቃ አጣ። አረብ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ሱቃቸውን እየዘጉ ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ሐበሻ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንመለሳለን ብለው ትተዋቸው። ወንድሙ ሳዑዲ ሥራ አግኝቶ ስለነበር «ቤተሰብህን ይዘህ ና» የሚል ደብዳቤ ላከ።

ያን ምሽት አስቤበት «እኔ ፈቅጃለሁ፣ እንሂድ» አልኩት። ሻዩን አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለና «ቃሉን የሰጠሁት ለአባትሽ ነው፤ አባትሽ ሞተዋል። ከሙት ጋር የገባሁትን ቃል አንቺ እንዴት ትፈቺልኛለሽ?» አለኝ። የኒካሑ ቃል ፈቃዱን ለእኔ እንደሚሰጥ ከእኔ በተሻለ ያውቅ ነበር። መቅረት ስለፈለገ ነው የቀረው፤ መቅረት እፈልጋለሁ ብሎ መናገር ግን በተፈጥሮው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያኖረን ፈጢራ ነው። የአገሪቱ ጭነት በአሰብ በኩል በሚገባበት በዚያ ዘመን ከባድ መኪናዎች ሁሉ በአዳማ ስለሚያልፉ፣ ሹፌሮቹ ሌሊት ቆመው የሚበሉት ነገር ይፈልጋሉ። እሱ ከሱብሒ ሶላት በፊት ተነስቶ ሊጡን ያሻል፤ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ እየገፋ፣ ከሥሩ ያለው እንጨት እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል። እንቁላሉን መሃሉ ላይ ሰብሮ አራቱን ጎን ያጥፍና ምጣዱ ላይ ይጥለዋል፤ ማር ያፈስበታል። ልጆቻችን ሁሉ የተማሩት በዚህ ገንዘብ ነው። የጠረጴዛው አንዱ ጥግ በመዳፉ ብዛት ጎድጉዶ ዛሬም ወጥ ቤቴ ውስጥ አለ።

ቡና ሳፈላ እሱ ፍሬውን አይጠጣም ነበር። ገለፈቱን ከዝንጅብል ጋር አፍልቶ፣ በአገሩ እንደሚጠጣው ቅሽር አድርጎ ይጠጣል። ማታ ማታ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ የካይሮንና የለንደንን አረብኛ ይሰማል። ኢማሙ በ1955 ዓ.ም. መስከረም ላይ በመፈንቅለ መንግሥት መውደቃቸውን የሰማው በዚያው ዓይነት ራዲዮ እንደነበር አጫውቶኛል፤ ግንቦት 1982 ዓ.ም. ሰሜንና ደቡብ የመን ሲዋሐዱ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ፈጢራ በነጻ አበላ።

ከውሕደቱ በኋላ አንድ ጊዜ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የእጆቹ ቆዳ ተልጦ ነበር። የመንደሩ ወጣቶች ሁሉ ሳዑዲ ስለገቡ የእርከኑን ግንብ የሚጠግን ጠፍቶ፣ አፈሩ በዝናብ እየታጠበ አገኘው፤ የሄደበትን ጊዜ በሙሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲክብ አሳለፈ። ስለ እናቱ መቃብር ጠይቄው «አገኘሁት» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም። በ2007 ዓ.ም. የአየር ድብደባው ተጀምሮ ታዒዝ ስትከበብ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ከጭሱ ጀርባ ያሉትን ተራሮች ይመለከት ነበር፤ ካሜራው የእሱን ተራራ አንድ ቀንም አላሳየውም።

ክፉ ጎኑን ብደብቅ እሱን አልጻፍኩትም። ሲቆጣ አይጮህም፤ ለሳምንታት ይዘጋል። ልጆቹን አረብኛ ለማስተማር ደግሞ ትዕግሥት አልነበረውም፤ አንዴ ከተሳሳቱ ደብተሩን ዘግቶ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ከልጆቻችን አንድም ጽሑፉን የሚያነብ አልወጣም፤ ይህም ከሞተ በኋላ ችግር ሆነብን።

በሥርዓታችን መሠረት በጀናዛው ላይ ትልቁ ልጃችን «አባቴ ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ» ብሎ አስታወቀ። አንድ ሽንኩርት ነጋዴ መጣ፤ ተከፈለው። ሌሎች ግን ለእሱ መክፈል ያለባቸውን ለማወቅ የዱቤ ደብተሮቹን ማየት ነበረብን። በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተደረደሩት ደብተሮች ሁሉ በአረብ ፊደል የተጻፉ ስለነበሩ ልጆቹን ቁርኣን የሚያስቀሩትን ኡስታዝ ጠራናቸው። ኡስታዙ የመጀመሪያውን ገጽ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ጮክ ብለው ማንበብ ሲጀምሩ ሁላችንም ተያየን። ፊደሉ የአረብ ነው እንጂ የተጻፈው አማርኛ ነበር። «የባቡር ዘበኛው ሚስት፣ ላምባ ሁለት ሊትር። ነጭ ፈረስ ያለው ጋሪ ነጂ፣ ሳሙና። የእኛ አባት፣ ስኳር አንድ ኪሎ።» የእኛ አባት ያላቸው የእኔን አባት ነው። ዕዳቸው ሳይሰረዝ በዚያው አለ።

ባለዕዳዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት ስለሌሉ፣ ያሉትም አቅም ስለሌላቸው ሁሉንም ዓፊ ብለን ዕዳቸውን ትተንላቸዋል። ደብተሮቹን ለማቃጠል የተነሳውን ልጄን ግን ከልክያለሁ።

ያልተቋጨው ጉዳይ የመንደሩ መሬት ነው። የወንድሙ ልጆች ደውለው የአጎታቸው ድርሻ እንዳለ ተቀምጧል፣ ወራሾቹ ምን ይላሉ ብለው ጠየቁን። እኔ መሬቱ የሚያርሰው ሰው ይሁን ባይ ነኝ፤ ግንቡን እየጠገኑ ያሉት እነሱ ናቸውና። ሌሎቹ ልጆቻችንም ተስማምተው የስጦታ ወረቀቱ ተጽፎ ተፈርሟል። የቀረው የትንሿ ልጃችን ፊርማ ብቻ ነው። እሷ ግን ሰላም ሲሆን ሄጄ አባቴ የካበውን ግንብ በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም ብላለች፤ እኔም አላስገደድኳትም።